«ላስት» ሲገጥማችሁ፦ ያለቀውን ከሚቆየው እንዴት ትለያላችሁ?

ከእንግሊዝኛ ቃላት ውስጥ መልኩ ቀላል፣ ጣጣው ግን ብዙ የሆነ አንድ ጥቀስ ብባል «ላስት»ን ነው የምጠራው። አራት ፊደል ነው። አንዱ ቦታ ላይ «አበቃ፣ ከዚህ በኋላ የለም» ይላል። ሌላ ቦታ ደግሞ «ገና አለ፣ ይቆያል» ይላል። «ዚስ ኢዝ ዘ ላስት ባተሪ» ያላችሁ ሻጭ ሌላ ባትሪ የለኝም እያለ ነው። «ዚስ ባተሪ ዊል ላስት» ካላችሁ ግን ባትሪው ዕድሜ አለው እያለ ነው፣ እውነቱን ከሆነ።

ይሄ የሆነው ቃሉ አንድ ስላልሆነ ነው። መነሻቸው የተለያየ ቃላት በዘመን ብዛት እየተሸራረፉ መጥተው አንድ መልክ ላይ ተገናኙ። ቴሌግራም ላይ «ላስት ፕራይሱ ስንት ነው?» ብላችሁ ስትደራደሩ ከመካከላቸው አንዱን ብቻ ነው የምትጠቀሙት። የተቀሩትንም ለመለየት የሚከተለውን ቅደም ተከተል ያዙ።

1. መጀመሪያ ግስ መሆን አለመሆኑን እዩ

ትርጉም ከመገመታችሁ በፊት ግራና ቀኙን ተመልከቱ። ከፊቱ «ዊል»፣ «ካን»፣ «ደዝ»፣ «ዲድንት» ካለ፣ ወይም ራሱ ቃሉ ጭራ አውጥቶ «ላስትስ»፣ «ላስቲድ»፣ «ላስቲንግ» ከሆነ ግስ ነው። ግስ ከሆነ «መጨረሻ» የሚለውን ትርጉም ጨርሶ እርሱት። ጉዳዩ ስለ መቆየት ነው።

አማርኛ እዚህ ላይ ሀብታም ስለሆነ አንድ ቃል ይዛችሁ አትሩጡ። ባትሪ ይቆያል፣ ፊልም ይፈጃል፣ ብር ወር ያደርሳል፣ ትዳር ይዘልቃል፣ ጤፍ ይበረክታል። እንግሊዝኛው ለሁሉም «ላስት» ነው የሚለው። «ዘ ሚቲንግ ላስቲድ ስሪ አወርስ» ማለት ስብሰባው 3 ሰዓት ፈጀ ነው። «ኢት ዎንት ላስት» ደግሞ ስለ ጫማም ስለ ፍቅርም ይባላል፤ አይዘልቅም ነው።

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስትሄዱ ግን አንድ ወጥመድ አለ። እኛ «ፈጀ»ን ለሁለት ነገር እንጠቀምበታለን። ስብሰባው በራሱ 3 ሰዓት ከፈጀ «ላስቲድ» ነው። ሥራው 3 ሰዓት ከፈጀባችሁ ግን «ቱክ» ነው የሚባለው። መለያው እጃችሁ ላይ ነው፦ «ፈጀብኝ፣ ፈጀባት» ማለት ከቻላችሁ «ላስት» አትበሉ። «ዘ ሆምወርክ ላስቲድ ሚ ቱ አወርስ» የሚል ጽሑፍ ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው፤ አንባቢው ይገባዋል፣ ግን ጆሮው ይቆረቁረዋል።

አሁን የዚህን ግስ የዘር ሐረግ እንይ፤ እኔ በበኩሌ ከሁሉም የምወደው ይሄኛውን ነው። በጥንታዊ እንግሊዝኛ የእግር ዱካ «ላስት» ይባል ነበር። ከዱካው ግስ ወጣ፦ ዱካ መከተል። ከዚያ የተባለውን መፈጸም፣ ከዚያ ሳያቋርጡ መቀጠል፣ በመጨረሻ መቆየት ሆነ። ጀርመኖች «ላይስተን» ሲሉ እስከ ዛሬ መፈጸም፣ ማከናወን ማለታቸው ነው። የቋንቋ ሊቃውንት ወደኋላ ተጉዘው የሚያገኙት ሥር ዱካ ወይም ፈር የሚል ትርጉም አለው፣ «ለርን» የሚለውንም ቃል የሚመልሱት ወደዚሁ ሥር ነው። በላቲን በኩል ደግሞ «ሊራ» የሚል ቃል ሆኖ ወጣ፤ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው መሬት ላይ የሚያወጣው ፈር ማለት ነው። ከፈር መውጣትን ላቲኖቹ «ዴሊራሬ» አሉት፣ አእምሮው የተዛባ ሰውም በዚያው ተጠራ፤ ሐኪሞች ሕመምተኛው ሲቃዥና አልይዝ አልጨበጥ ሲል «ዴሊሪየም» የሚሉት ከዚያ የመጣ ነው። እኛስ ነገሩ መስመር የሳተ ሰው ሲያወራ ምን እንላለን? ፈር ለቀቀ። ከላቲን ቀድተነው አይደለም፤ ሁለቱም ሕዝብ በበሬ ስላረሰ ነው።

ዱካው ሌላ ልጅም ወልዷል። ጫማ ሠሪ ቆዳውን የሚወጥርበት የእግር ቅርጽ ያለው እንጨት፣ ወይም ዛሬ ዛሬ ፕላስቲክ፣ እኛ አገር ጫማ ሠሪዎች ፎርማ የሚሉት፣ በእንግሊዝኛ «ላስት» ነው። ስለዚህ «ስቲክ ቱ ዩር ላስት» የሚል ምክር ካያችሁ መጨረሻህን ያዝ አይደለም። ከሙያህ አትውጣ ነው። የአባባሉ ሥር ሮማዊው ፕሊኒ በ1ኛው መቶ ዘመን የጻፈው ወግ ነው። አፔሌስ የተባለው ግሪካዊ ሠዓሊ ሥዕሉን ለአላፊ አግዳሚ አውጥቶ ከኋላው ተደብቆ የሰዉን አስተያየት ያዳምጥ ነበር አሉ። አንድ ጫማ ሠሪ ሰንደሉ ላይ አንድ ማሰሪያ ጎደለ አለ። አፔሌስ አስተካከለው። በማግሥቱ ያው ሰው ልቡ አብጦ መጣና ስለ እግሩ አሣሣል መተቸት ጀመረ፤ ሠዓሊው ብቅ ብሎ ጫማ ሠሪ ከጫማው በላይ አይፍረድ አለው። ፌስቡክ ላይ ይሄን የሚላቸው ያጡ ስንት አሉ።

2. ግስ ካልሆነ፣ ዘመዱ «ሌት» መሆኑን አስታውሱ

ከስም ፊት ቆሞ ካገኛችሁት ይሄኛው ሱፐርላቲቩ ነው፤ ትምህርት ቤት «ቢግ፣ ቢገር፣ ቢገስት» እያልን የሸመደድነው ዓይነት። የ«ሌት» የመጨረሻ ደረጃ ነው። «ሌት» በጥንቱ ትርጉሙ መዘግየት ብቻ ሳይሆን ዘገምተኛ፣ ቀርፋፋ ማለት ነበር። በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ላቶስት» ተባለ፣ ከሁሉም የዘገየው። ሰው ቶሎ ቶሎ ሲናገር መሐሉ ተዋጠና «ላስት» ቀረ። የዚያን ጊዜው መካከለኛ ደረጃም አልጠፋም። ሁለት ነገር ጠቅሰው ሁለተኛውን «ዘ ላተር» የሚሉት እሱ ነው። እነዚህ ሁለቱ በራሳቸው መንገድ ሲሄዱ ቋንቋው ቦታቸውን የሚይዝ አዲስ ጥንድ ሠራ፦ «ሌተር» እና «ሌተስት»።

በነገራችን ላይ «ፈርስት»ም ሱፐርላቲቭ ነው፤ ከሁሉም ፊት ያለው ማለት ነው። «ኔክስት»ም እንደዚሁ፣ ከሁሉም የቀረበው። ማንም አያስተምረንም እንጂ ወረፋ ላይ የምንጠራቸው ሦስቱም ቃላት የአንድ ሰዋስው ልጆች ናቸው።

የዚሁ የመዘግየት ዘር ርቆ ተበትኗል። ሥሩ ከላቲኑ «ላሱስ» ጋር ይገናኛል፤ የደከመ ማለት ነው። ፈረንሳዮች ከሱ «አ፣ ደከመኝ» የሚመስል የሐዘን ቃል አወጡ፣ እንግሊዞች ወሰዱትና «አላስ» ሆነ። ወዮ! እንደማለት ነው። «ሌት» ተብሎ የሚነበብ ሌላ አጭር ቃልም አለ፦ ማገድ፣ ማዘግየት። የቴኒስ ኳስ ሲጀመር መረቡን ነክታ ስታልፍ ዳኛው «ሌት» የሚለው እሱ ነው። የእንግሊዝ ፓስፖርት ያላችሁ የፊት ሽፋኑን ግለጡ፤ ባለ ፓስፖርቱ ያለ እገዳና ያለ መሰናክል እንዲያልፍ ይጠይቃል፣ እገዳ ለሚለው የገባው ይኸው ቃል ነው። ዛሬ ግን በተለመደው ንግግር የቀረው መፍቀድ የሚለው ሌላው «ሌት» ብቻ ነው፣ ሁለቱ ደግሞ ከአንድ ሥር ናቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «ዘ ሌት ሚስተር እንትና» ሲባል ሰውየው ዘግይቷል አይደለም፣ ሞቷል። ነፍሰ ኄር ነው። ኢሜይል ላይ የዘገየ የሥራ ባልደረባችሁን በዚህ አጠራር እንዳትገድሉት።

3. ጊዜ ከሆነ «ዘ» መኖሩን ፈትሹ

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይንሸራተታል። «ላስት ዊክ» ያለ «ዘ» ባለፈው ሳምንት ነው፣ በካሌንደሩ ተዘግቶ ያለፈው። «ዘ ላስት ዊክ» ደግሞ ከዛሬ ወደኋላ የተቆጠሩት 7 ቀናት ናቸው፣ ወይም የአንድ ነገር የመጨረሻ ሳምንት። ስለዚህ «አይ ዋዝ ሲክ ላስት ዊክ» ያለ ሰው አሁን ድኗል ብላችሁ ልታስቡ ትችላላችሁ። «አይ ሃቭ ቢን ሲክ ፎር ዘ ላስት ዊክ» ያለው ግን እስከ አሁን እያመመው ነው፤ ሾርባ ይዛችሁ ሂዱ።

ከፊቱ «ኢን»፣ «ኦን» ወይም «አት» አትጨምሩ። አማርኛችን «ባለፈው» ላይ «በ» ስላለው እጃችን ራሱ ይሄዳል። «ኦን ላስት መንደይ» አይባልም፣ «ላስት መንደይ» በቂ ነው። እንዲሁም ትናንት ማታ «የስተርደይ ናይት» ሳይሆን «ላስት ናይት» ነው። ትናንት ጠዋት ግን «የስተርደይ ሞርኒንግ» ነው፤ «ላስት ሞርኒንግ» አይሉም። ለምን ብላችሁ አትድከሙ፣ ልማድ ነው።

«ላስት ፍራይደይ» ሲባል ደግሞ ራሳቸው ባለቋንቋዎቹም ይጨቃጨቃሉ። ዛሬ እሑድ ከሆነ የከትናንት ወዲያውን ነው ወይስ ከሱ በፊት ያለውን ሳምንት? ቀጠሮ ወይም ክፍያ ከሆነ ቀኑን በቁጥር ጻፉ፣ ተገላገሉ።

ለእኛ ብቻ የተተወ ራስ ምታት ደግሞ አለ፦ «አምና»። ጥቅምት 2018 ላይ ቁጭ ብላችሁ መጋቢት 2017 ስለሆነ ነገር ስታወሩ በአማርኛ «አምና» ነው፣ ልክ ናችሁ፣ ዘመኑ መስከረም ላይ ተለውጧል። በፈረንጁ ግን ሁለቱም በ2025 ውስጥ ናቸው። «ላስት ይር» ብላችሁ ከተረጎማችሁት 2024 አደረጋችሁት። ለኤምባሲ ቃለ መጠይቅ፣ ለጥገኝነት ማመልከቻ፣ ለሕክምና ታሪክ ይሄ ቀልድ አይደለም። አንድ ሰው ቃሉ ከወረቀቱ ጋር አልገጠመም የሚባለው እንዲህ ባለች ትንሽ ነገር ነው። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት «አምና»ን በቀጥታ አትተርጉሙ። ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን ቀይራችሁ ተናገሩ።

4. «ላስት» ነው ወይስ «ሌተስት»?

«ሂዝ ላስት አልበም» ሁለት ትርጉም አለው፦ ከዚህ በፊት ያወጣው፣ ወይም ከዚያ በኋላ ያላወጣው። ዘፋኙ በሕይወት ካለና ገና ስቱዲዮ ከገባ «ሌተስት» በሉ፣ የቅርቡ ማለት ነው። ሟርት አይሁንባችሁ። ሲቪ ላይ «ላስት ኤምፕሎየር» ሲጠየቅ ግን ከዚህ በፊት የሠራችሁበትን ነው የሚፈልጉት። ማስታወቂያ ላይ «ላስት ዴት» ካለ ያች ቀን ካለፈች በሩ ተዘግቷል።

5. «ዘ ላስት ፐርሰን» ሲባል ቃል በቃል አትውሰዱት

«ሺ ኢዝ ዘ ላስት ፐርሰን ሁ ዉድ ላይ» ቃል በቃል ከወሰዳችሁት የምትዋሽ የመጨረሻዋ ሰው ይሆናል፤ ስድብ ይመስላል። ሙገሳ ነው። በዓለም ያለ ሰው ሁሉ ዋሽቶ ቢያልቅ እንኳ እሷ አትዋሽም ማለት ነው። «ዘ ላስት ሲንግ አይ ኒድ» ደግሞ አሁን ይሄ ነው የቀረኝ! የሚል ምሬት ነው፤ ጨርሶ የማልፈልገው ማለት። መለያው ይሄ ነው፦ «ዉድ»፣ «ኤክስፔክት»፣ «ዎንት»፣ «ኒድ» አጠገቡ ካሉ ማጋነን ነው። «ሂ ዋዝ ዘ ላስት ፐርሰን ቱ ሊቭ» ግን ምንም ቅኔ የለውም፣ በር ዘግቶ የወጣው እሱ ነው።

6. ጽሑፍ ስትዘጉ «አት ላስት»ን ተዉት

የመመረቂያ ጽሑፍ ምስጋና ገጽ ላይ «አት ላስት፣ አይ ዉድ ላይክ ቱ ሳንክ...» የሚል ሞልቷል። «አት ላስት» እፎይ ነው። ብዙ ተጠብቆ፣ ሰው ተሰላችቶ፣ መጣ! ሲባል ነው። መብራት ሲመጣ «አት ላስት!» ይባላል። ዝርዝር ስትጨርሱ ግን «ላስትሊ» ወይም «ፋይናሊ» ነው ትክክሉ። አማካሪያችሁን በ«አት ላስት» ስታመሰግኑ ከሳቸው በመገላገላችሁ ደስ ያላችሁ ይመስላል። (አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን በጽሑፍ አይባልም።)

«ላስት በት ኖት ሊስት» ደግሞ ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሲባል የኖረ ነው፣ ሠርግ ላይ ማይክ የጨበጠ ሁሉ ይለዋል። በድምፅ ቢመሳሰሉም «ላስት» እና «ሊስት» ዘመድ አይደሉም። «ሊስት» የ«ሊትል» ሱፐርላቲቭ ነው፣ ከሁሉም ያነሰው። ትርጉሙ በቅደም ተከተል ከኋላ ቢሆንም በክብር ግን የማያንስ ነው። ለአንድ ሰው ብቻ በሉት። ሦስት ሰው በዚህ አባባል የሚጠራ ንግግር ሰምቻለሁ፤ ሁሉም መጨረሻ ሊሆን አይችልም።

7. ፎርም ላይ ሲመጣ ቦታ ነው የሚያመለክተው

«ላስት ኔም» ከስማችሁ ቅደም ተከተል መጨረሻ ላይ ያለው ነው፣ ፈረንጆቹ ዘንድ መላው ቤተሰብ የሚጋራው። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። ስለዚህ አንዱ ፎርም ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም እየጻፉ ሰው ሁለት ሰው ይሆናል። መፍትሔው ፓስፖርቱ ነው። እዚያ ላይ «ሰርኔም» በሚለው መስመር የተጻፈውን፣ ፊደል ሳታጎድሉ፣ በሁሉም ቦታ ገልብጡ፤ አውሮፕላን ቲኬትም፣ ባንክም፣ ትምህርት ቤትም። አሜሪካ ውስጥ አባት፣ እናትና ልጅ የተለያየ «ላስት ኔም» ይዘው ሲቀርቡ ጥያቄ እንደሚመጣ ጠብቁ። የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት አብራችሁ ያዙ።

እዚያው አሜሪካ ስልክ ስትደውሉ «ላስት ፎር?» ብቻ ብለው ዝም ይሏችኋል። የሶሻል ሴኩሪቲ ወይም የካርድ ቁጥራችሁን የመጨረሻ አራት አሃዝ ነው የሚጠይቁት። ራሳችሁ ደውላችሁ ከሆነ ስጡ። ያላወቃችሁት ሰው ደውሎላችሁ ከሆነ ዝጉት።

8. ወደኋላ ሲቆጠር

ከመጨረሻው አንድ ቀድሞ ያለውን እንግሊዞች «ላስት በት ዋን»፣ አሜሪካኖች «ሰከንድ ቱ ላስት» ይሉታል። ለንደን አውቶቡስ ላይ «ዘ ላስት ስቶፕ በት ዋን» ብሎ የነገራችሁ ሰው ካለ ከማብቂያው በፊት ባለው ፌርማታ ውረዱ። «ዘ ናይት ቢፎር ላስት» ከትናንት ወዲያ ማታ ነው።

9. ይሄ ሁሉ ካልሠራ መዝገበ ቃላቱን በቁጥር አንብቡ

ጥሩ መዝገበ ቃላት «ላስት»ን አንድ ጊዜ ብቻ አይጽፍም። 1፣ 2፣ 3 የሚል ትንሽ ቁጥር ጎኑ አድርጎ ለየብቻ ያስቀምጣቸዋል። ቁጥሩ ሲለወጥ ዘሩም ተለውጧል ማለት ነው። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን አንብቦ ይዘጋዋል።

ወደ ታች ከወረዳችሁ አብዛኛው ሰው የማያውቀውን አንዱን ታገኛላችሁ፦ «ላስት» የጭነት መለኪያ። ይሄኛው «ሌይድ» ከሚለው ቃል ወገን ነው፣ መጫን። የድሮ የእንግሊዝ የንግድ ወረቀት ላይ «አንድ ላስት ሱፍ» ካለ 12 ጆንያ ሱፍ ነው፤ ለዓሣና ለእህል ደግሞ ሌላ ልክ ነበረው። ጀርመን አገር የምትኖሩ ይሄን በየቀኑ ታዩታላችሁ፤ የጭነት መኪናው «ላስትቫገን» የተባለው በዚሁ ቃል ነው። መንገድ ላይ ያ ጽሑፍ ሲገጥማችሁ የመጨረሻው መኪና አይደለም፣ ሌላም ከኋላው ይመጣል፣ ተጠንቅቃችሁ ተሻገሩ።